ለሮሟ ማርያም የተሳሏት ጃንጥላ

ዓርብ፣ ጎሕ ሲቀድ

ከስቶክሆልም ዳርቻ ከኖርስቦሪ በመጀመሪያው ቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ወጣን። ፉርጎው ውስጥ እኔና አባባ፣ እንቅልፍ ያልጠገቡ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች፣ በነጠላ የተጠቀለለ አንድ ረጅም ዕቃ። ዕቃው አዲስ አበባ ተሰፍቶ የመጣ፣ ዘርፉ ወርቃማ የሆነ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ነው።

አባባ ሮም በስደት ተቀምጠው የስዊድን ቪዛ ሲጠብቁ፣ እኔ ሴት ልጃቸው በእግሬ ወደ ሱዳን እየተሻገርኩ ነበር። ወሬዬ ሲጠፋባቸው እዚያው ሮም በየቀኑ ይሳለሟት ለነበረች ማርያም «ልጄን በዓይኔ ካሳየሽኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብለው ተሳሉ። አሳየቻቸው። ስለቱ ግን ሳይገባ ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ ልባቸውን ታመው ሶልና ካለው ሆስፒታል ሲወጡ፣ ከሐኪሙ ቀጠሮ ይልቅ ያሳሰባቸው ይኸው ነበር።

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በስለት አላምንም። እሳቸውም ያውቃሉ።

«አባባ፣ እግዚአብሔር ስቶክሆልምም አለ እኮ። እዚሁ ያስገቡት» ብያቸው ነበር።

«እሱስ የትም አለ። እኔ የተሳልኩት ግን እዚያ ቆሜ ነው።»

መሀል ከተማ ባቡር ቀይረን፣ ሜርስታ ወርደን በአውቶቡስ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። ፈታሿ ጥቅሉን አስፈትታ ጃንጥላውን ስታይ ሳቀች፤ «ሮም ፀሐይ ነው፤ ፓራፕሊ ምን ያደርግላችኋል?» አባባ አልሳቁም።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

ሮም። ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ፣ ቬስፓ፣ ጡሩምባ፣ በየመስኮቱ የተሰጣ ልብስ። ቡና ለቆመ ሰው ይረክሳል፣ ለተቀመጠ ይወደዳል፤ አባባ ደረታቸውን ያዝ እያደረጉም ቢሆን ቆመው ጠጡ። ግትርነታቸው ወንበር አያውቅም።

ኮሎሲየምን ያስጎበኙኝ እሳቸው ናቸው። ግንቡን ቀና ብለው ሳያዩ፣ ሥሩ ያለውን ጥላ አሳዩኝ።

«እዚህ እንሰበሰብ ነበር። ከአገር ቤት ደብዳቤ የመጣለት ያነባል፣ ያልመጣለት ያዳምጣል። እኔ ሁልጊዜ አዳማጭ ነበርኩ።»

ጎብኚው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። እኔ ያየሁት ያንን ባዶ ጥላ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

አባባ የተሳሉባት የካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ከባቡር ጣቢያው ብዙም አትርቅም። አባባ ነጠላውን ከጃንጥላው ላይ ፈትተው መስቀለኛ አጣፉና ገቡ። አንድ ሸበቶ አገልጋይ ገና ሲያያቸው በር አጠገብ ያለውን የጃንጥላ ማስቀመጫ አመለከታቸው። አባባ በስደት ጣልያንኛቸው ብዙ አስረዱት። ሰውየው ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

«ምን አለ?» አልኳቸው።

«እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይገባም አለ።» አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። «አልተቀበለችኝም ማለት ነው፣ ልጄ?»

ፊታቸው አመድ መሰለ። አገር ቤት ቢሆን ስለት ሲገባ በአደባባይ ይነገራል፣ ሴቱ እልል ይላል፣ ሕዝቡ ምስክር ነው። እዚህ ማን እልል ይበልላቸው? ከእኔ በቀር ማንም የለም። ጃንጥላውን ከእጃቸው ተቀብዬ ዘረጋሁት፤ የማርያም ሥዕል ፊት ቆሜ እልል አልኩ።

ጉልላቱ ድምፄን አባዝቶ መለሰው። ጎብኚዎቹ ዞሩ። አገልጋዩ እየሮጠ መጣ፤ አጠገቤ ሲደርስ ግን አባባ መሬት ተደፍተው ሲያለቅሱ አየና ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ጃንጥላውን በቀስታ ተቀበለኝና ከመንበሩ ጎን አቆመው።

ስንወጣ፣ ደረጃው ላይ

«አባባ፣ እኛ ስንሄድ ዕቃ ቤት ይከቱት ይሆናል» አልኳቸው። ልዋሻቸው አልፈለግሁም።

«ይክተቱታ። ልጄን በዓይኔ አሳዪኝ ነበር ያልኳት። ዛሬ እፊቷ ቆመሽ አየሁሽ።»

ክንዳቸውን ደግፌ ወረድን።