ቅመስልኝ ያልኩት ወተት

እህቴን የገደላት ባሏ ነው። ይህን ፍርድ ቤት ቀርቤ ማስረዳት አልችልም፤ ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

የምሠራው አዲስ አበባ፣ የመንግሥት የወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ መርዝ በሚመረመርበት ክፍል ነው። እናቴ ቆቦ ገበያ ላይ «ልጄ የመርዝ ሐኪም ናት» እያለች ታወራለች። እኔ ግን ብልቃጥ አጣቢ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። በጦርነቱ ጊዜ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ፤ ሲከፈት እኔ አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥሬ ነበር። ከዚያ በጽዳት ሠራተኛነት ወደ ላቦራቶሪው ገባሁ። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ስለሚጠፋ ሥራው ተስማማኝ። ብልቃጥ አያናግርም።

ወደ ክፍላችን ከየአገሩ እሽግ ይመጣል። ደም፣ የጉበት ቁራጭ፣ ከሰው ሆድ የተገኘ ምግብ፣ አንዳንዴም ሟቹ ያስመለሰበት ጨርቅ። የክፍሉ ኃላፊ ቀጭን ሴት ናት፤ ሁላችንም ዶክተር እንላታለን። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ያጠብኩትን ብልቃጥ ወደ መብራቱ አንስታ አየችና መለሰችልኝ።

«ንፁህ ነው እኮ፣» አልኳት በቀስታ።

«ለሻይ ንፁህ ነው። እዚህ ግን የትናንቱ መርዝ ቅንጣት ከቀረበት፣ ነገ ምንም ያላደረገ ሰው ይታሰራል። ድገሚው።»

ደገምኩት። በሳሙና፣ ከዚያ በአሲድ፣ ከዚያ በቧንቧ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ በተጣራ ውሃ። ከዚያ ወዲህ አንድም ብልቃጥ አልመለሰችብኝም።

እናቴ የደወለችው እንዲህ ሥራውን ለምጄ ደስ ብሎኝ ሳለ ነው። «እህትሽ ታማለች፣ ነይ» አለችና ስልኩን ዘጋችው። በማግስቱ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከሰዓት በኋላ ቆቦ መናኸሪያ ስወርድ አንዲት ጎረቤታችን አየችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ገባኝ። በእኛ በእስላሞቹ ሬሳ አይቆይም። እህቴ ጠዋት ተቀብራ ነበር።

ባሏ ከሮቢት አለፍ ብሎ ባለ መንደር ማሽላና ሽንኩርት ያመርታል። ቤቱ ለቅሶ ለመጣው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር። «ማሽላ ልታወጣ ጉድጓድ ገብታ አየሩ መታት።» በእኛ ቆላ ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ ተቆፍሮ ነው። ጉድጓዱ እንደተከፈተ ሳይናፈስ የገባበት ሰው በታፈነው አየር ይሞታል። ይህን የማያውቅ ስለሌለ ሁሉም አመነው። «አላህ ይርሀማት» እያለ ተራ በተራ ተነስቶ ሄደ።

እናቴ ግን ምን እየነገረችኝ እንደሆነ ሳይገባት ሌላ ነገር ነገረችኝ። እሷ የደረሰችው የእህቴ ነፍስ ሳትወጣ ነበር።

«ውሃ፣ ውሃ ትላለች። ስትጠጣ ታስመልሰዋለች። ዕቃ አጥቼ በሻርፔ ነበር የምቀበላት። አፏ፣ ልጄ፣ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር። ‹እማ፣ የሰጠኝ ወተት ሸተተኝ› አለችኝ። ይብላኝላት፣ ወተት እንኳ ጠላች አልኩ።»

አየር የመታው ሰው እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል እንጂ ቤቱ ተኝቶ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ነገር አያስመልስም። ያ ሽታ ከምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ማሽላን ነቀዝ እንዳይበላው የሚደረግ ክኒን ነው። በእኛ ገበያ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። ላቦራቶሪው ውስጥ እሱ ያለበት እሽግ ሲከፈት ዶክተር ሁላችንንም ታስወጣና መስኮቱን ታስከፍታለች።

«እማ፣ ሻርፑ የት አለ?»

«የቱ?»

«ያስመለሰችበት።»

በአገጯ ወደ ጓሮ አመለከተችኝ። ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ነጭ ነው። ንፋሱ ሲያነሳው ፀሐይ ያሳልፍ ነበር። በፈላ ውሃ ዘፍዝፋ፣ በሳሙና አሽታ፣ ደጋግማ አለቅልቃዋለች። የእህቴን ቀሚስና የተኛችበትን አንሶላ ደግሞ የመንደሩ ሴቶች አጥበው ለሰደቃ አጥፈውታል። የሟች ልብስ ቆሽሾ አያድርም፤ እንዲያ ከሆነ ሟች የተናቀች ይመስላል።

«በንፁህ ትሂድ ብዬ ነው፣» አለች እናቴ ዓይን ዓይኔን እያየች። ጎበዝ እንድላት የምትጠብቅ ትመስል ነበር። እሷ ያን ሻርፕ እንዳጠበችው እኔ አንድም ብልቃጥ አጥቤ አላውቅም።

ወደ ዶክተር ደወልኩ። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ናሙና ከሌለ እኔ ምንም ማለት አልችልም፣» አለች። «ፖሊስ ጠይቆ ፍርድ ቤት ከፈቀደ ሬሳው ወጥቶ ሊመረመር ይችላል። ቤተሰብሽን አማክሪ።»

አማከርኩ። እናቴ ጮኸች። «ልጄ ሁለቴ አትቀበርም! ወላሂ፣ ያን መቃብር የነካችሁ ቀን አፈሩን በእኔም ላይ መልሱብኝ!» ከዚያ ወዲያ ማንሳት አልቻልኩም። ብቻዬን ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አልናገር ነገር፣ እናቴን መቃብሩ አፋፍ ላይ ተጋድማ አየኋት በሐሳቤ። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ብልቃጥ ባነሳሁ ቁጥር ውስጡ የእህቴን ባል አየው ነበር፤ ትንሽ ሆኖ፣ ክዳኑ ተከድኖበት።

ዓመት ሳይሞላ ሊያገባ ተነሳ። ልጅቷ የጎብዬ ናት። እህቴ በሕይወት ሳለች ጀምሮ እሱ ሽንኩርት ሳይጭን ጎብዬ ገበያ ይመላለስ እንደነበር እሷው በስልክ ነግራኛለች። የልጅቷ አባት ግን ጠንቃቃ ሽማግሌ ነው። ወሬም ደርሶታል። ለአማላጆቹ «የሟች ቤተሰብ ቂም እንደሌለው በዓይኔ ልይ። ቤቱ ገብተው ከእጁ ወተት ከጠጡ ልጄን እሰጣለሁ» አላቸው። በእኛ ዘንድ ከሰው እጅ ወተት ተቀብሎ መጠጣት፣ በሆዴ የያዝኩብህ የለም ማለት ነው።

እናቴ ደወለች። «ሽማግሌ ደጄ ላይ ቆሞ እንዴት እምቢ ልበል? አንቺም እንድትመጪ ብለዋል። ሥራ አለብኝ ካልሽ…»

«እመጣለሁ፣» አልኳት። ቶሎ ማለቴ ገረማት።

ጁምዓ ነበር። ከስግደት በኋላ የእህቴ ባል ደጅ ላይ ካለው ግራር ሥር ተቀመጥን። የልጅቷ አባት፣ የጎብዬው ሰውዬ፣ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከፊት ለፊቴ፣ እናቴ አጠገቤ። እናቴ ያን ነጭ ሻርፕ ነበር የለበሰችው። ባልየው የወተት ጮጮውን በአንድ እጁ፣ ኩባያዎቹን በሌላው ይዞ እየሳቀ ወጣ።

«የመርዝ ሐኪሟ! አዲስ አበባ አወፈረሽ እኮ፣ ዋርሳዬ!»

«እሷን ነበር ማግባት፣» አለ አንድ አማላጅ። «ደመወዝተኛ ናት!»

«እሷማ መች ትናገርና!» አለ ሌላው። «ኒካሁ ላይ እሺ በይ ብትባል፣ እስክትመልስ ጨረቃ ትወጣለች!»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፍቼ መሬት ጫርኩ። ልክ ናቸው። ሰው ፊት ስስቅ እንኳ አፌን የምሸፍን ነኝ።

ወተቱን ቀዳ። መጀመሪያ ለጎብዬው ሰውዬ፣ ቀጥሎ ለእናቴ፣ ከዚያ ለኔ። ሰውዬው ኩባያውን ይዞ እኛን ይጠብቃል። እናቴ «ቢስሚላሂ» ብላ ወደ አፏ ስታስጠጋ እጇን ያዝኩት። ከዚያ የራሴን ኩባያ ወደ አፍንጫዬ አነሳሁ።

ጨዋታው ቆመ። እኔ በማሽተት መርዝ የምለይ የሚመስላቸው ሰዎች ናቸው፤ እናቴ እንደዚያ ስታወራ ኖራለች፣ እኔም አስተባብዬ አላውቅም። ሁሉም አፍንጫዬን ያያል። ከሁሉ በላይ እሱ።

«ቅመስልኝ፣» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

ድምፄ ሊጠፋ ነበር። እህቴን አሰብኳት፤ ውሃ፣ ውሃ ስትል። ኩባያውን ዘረጋሁለት።

«አንተ ቅመስልኝና እጠጣለሁ።»

ይህ የድሮ ሰዎች ወግ ነው። የሚያቀርብ ሰው ቀድሞ ፉት ይል ነበር። አሁን ማንም አይጠይቅም፤ መጠየቅ በሰው ፊት አላምንህም ማለት ነው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ዙሪያውን ቃኘ፤ የሚስቅለት ፈለገ። አጣ።

«በቤቴ!» አለ። «በገዛ ቤቴ! አንቺ ብልቃጥ አጣቢ!» እውነተኛ ሥራዬን ከእህቴ ሰምቷል። ኩባያውን ከእጄ ነጥቆ ጭልጥ አድርጎ ጠጣውና ገልብጦ አሳየን። ወተቱ ጢሙ ላይ ቀርቷል። «አያችሁ? ይኸው! ምን ሆንኩ? አባባ፣ ይዩኝ፣ ምን ሆንኩ?»

የጎብዬው ሰውዬ አየው።

«አንተማ ምንም አልሆንክ፣» አለ። «ልጄ ግን ስንቱን ቀን ስታስቀምስህ ትኖራለች?»

ኩባያውን እንደሞላ መሬት ላይ አስቀመጠና በትሩን ተደግፎ ተነሳ። አማላጆቹ «ኧረ አባባ፣ ኧረ በአላህ!» እያሉ ተከተሉት። ዞር ብሎም አላየ።

ወደ ቆቦ የምንመለስበት ባጃጅ ውስጥ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ወተቱ ምን ሸተተሽ?»

«ወይራ። ጮጮው የታጠነበት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

ሻርፑን በጣቶቿ ጨበጠችና ወደ መንገዱ ዞረች። ሌላው እጇ ግን ጉልበቴን እንደያዘ ቀረ።

ዶክተር ብትሰማ ትቆጣኛለች። ንፁህ ወተት ወነጀልሽ ትለኛለች። እኔ የወነጀልኩት ወተቱን አይደለም። ያለ ናሙና ሰው አይከሰስም የሚለው ሕግ ላቦራቶሪው ውስጥ ልክ ነው፤ እዚያ ብልቃጦቼን እስከ መጨረሻው ጠብታ አለቀልቃለሁ። ናሙናውን ግን እናቴ በፍቅር አጠበችው፤ እሱ ደግሞ በዚያ እጥበት ተደብቆ ሊሞሸር ነበር።

ጋብቻው ቀረ። ከጎብዬ እስከ ቆቦ ልጁን የሚሰጠው አልተገኘም። ሌላም ሰማሁ። ደቦ ሲጠራ፣ እንግዳ ሲመጣበት፣ ውሃ እንኳ ሲያቀርብ፣ አንዱ ቀልደኛ «መጀመሪያ ቅመስልን» ይለዋል አሉ። እሱም ይቀምሳል። ሁሉም እያየው፣ በየቀኑ፣ ከእያንዳንዱ ኩባያ።

አላህ ዕድሜ ይስጠው። ብዙ ይቅመስ።