ተረኛዋ ያጸዳችው ፎልደር

ይህ የሆነው አምና፣ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሊያልቅ ሰሞን ነው። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሸሸት ይላል። ይበለኝ!

አዳማ ውስጥ የአይሲቲ መምህርት ነኝ። አምና የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን ሥራቸውን በወረቀት ሳይሆን በክላውድ እንዲያስቀምጡ አስተማርኳቸው። እያንዳንዱ በራሱ ኢሜይል ገብቶ ይጽፋል፤ ሲጨርስ ኢንተርኔት ላይ በከፈትኩት የክፍሉ የጋራ ፎልደር ውስጥ ያስገባል። "ዝናብ አበሰበሰው፣ ታናሽ እህቴ ቀደደችው" የሚባል ሰበብ ቀረ። ምክትል ርዕሰ መምህራችን "ለማንኛውም ወረቀቱንም ተቀበያቸው" ቢሉኝ፣ አፌን ሞልቼ "ወረቀት የድሮ ነገር ነው!" አልኳቸው። ሳቅ ብለው ሄዱ።

የመጨረሻው ሥራ ስለ ትውልድ ከተማቸው የሚጽፉት ነበር፤ ከመቶ ሠላሳ ይያዛል። ሐሙስ ከሰዓት ቆጠርኩ፣ የአርባ ስድስቱም ገብቷል። "ሁሉንም አይቻለሁ፣ ጨርሰናል፣ ጎበዞች!" ብዬ አጨበጨብኩላቸው። ያየሁት ግን መግባቱን እንጂ ውስጡን አልነበረም። ዓርብ ጠዋት አርሜ፣ ከሰዓት ውጤቱን ማስረከብ ነበረብኝ።

ዓርብ ጠዋት ፎልደሩን ስከፍት ባዶ። ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። ባዶ! ክው አልኩ። የተሰረዘ ፋይል የሚጠራቀምበትን ቅርጫት ብፈትሽ እዚያም የለም። የአርባ ስድስት ልጅ ውጤት በአንድ ሌሊት ውሃ በላው። በእጄ አንዲት ወረቀት እንኳ የለችኝም!

ክፍል ገብቼ "ፎልደሩን ማነው የነካው?" አልኩ። ከኋላ ጫልቱ ተነሳች። በዚያ ዓመት ከሐይቅ ብዙም ከማትርቀው ከትንሿ ከተማ ከቡልቡላ መጥታ አክስቷ ቤት የምትኖር፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት።

"ቲቸር፣ እኔ ነኝ ያጸዳሁት።"

"ምን አደረግሽ?"

"የዚህ ሳምንት ተረኛ እኔ ነኝ።"

እኛ ጋ ተረኛ ተማሪ ክፍሉን ይጠርጋል፣ ሰሌዳውን ያጠፋል፣ ቅርጫቱን ይደፋል። በማግስቱ የሚገባው መምህር ንጹሕ ሰሌዳ ማግኘት አለበት። ጫልቱም ሐሙስ ሁሉም ከወጣ በኋላ ኮምፒውተር ክፍሉን ጠረገች፣ ሰሌዳውን አጠፋች። ከዚያ "ጨርሰናል" ያልኩትን አስታውሳ፣ በገዛ ኢሜይሏ ገብታ ፎልደሩንም አጸዳች። ቅርጫቱንም ሳትደፋ አልወጣችም! ማንም ገብቶ የፈለገውን እንዲያደርግ የፈቀድኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤ ለእያንዳንዱ ለይቶ መፍቀድ ሰልችቶኝ።

ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። የኔም ደም ፈላ። "ወላጅ ሳታመጪ ዓይንሽን እንዳላየው!" አልኳት። አንገቷን ደፍታ ወጣች።

በእረፍት ሰዓት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተመለሰች። ኦቦ ቱፋ ይባላሉ፣ የአባቷ አጎት ናቸው፤ ለሕክምና ከቡልቡላ መጥተው አክስቷ ቤት አርፈዋል። "አካም ጅርቱ" ብለው ሰላም አሉኝና ከዘራቸውን ይዘው የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ለወቀሳ ተዘጋጅቼያለሁ። እሳቸው የመጡት ለሽምግልና ነው።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አሉ። "ጠፋ የተባለው ንብረት የማን ነው?"

"የተማሪዎቹ ነው፣ አባቴ።"

"እንግዲያው ባለንብረቶቹ ይምጡ። እያንዳንዱ ከየት እንደጠፋበት ያሳየኝ።"

"ይህ እኮ ኮምፒውተር ነው" ልላቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሽማግሌ እምቢ አይባልም። ልጆቹን ኮምፒውተር ክፍል ሰበሰብኳቸው። የክፍል አለቃው ናትናኤል ቀድሞ ተቀመጠና በራሱ ኢሜይል ገባ። "ይኸውልዎት አባባ፣ እዚህ ጋ ነበር የጻፍኩት፣ አሁን ግን..." ብሎ ድርቅ አለ።

"አለ! ቲቸር፣ አለ!"

ግንባሬን መታሁ። ለካ ልጆቹ የጻፉት የየራሳቸው ነው! ጫልቱ ከጋራው ፎልደር ልታወጣው ትችላለች እንጂ ከባለቤቱ ልታጠፋው አትችልም። ይህን በሁለተኛው ሳምንት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ስደነግጥ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ።

ከዚያማ ሠርግ ቤት ሆነ። "የኔም አለ!" "የኔም!" እልልታውን ያቀለጠችው አለች፣ ወንበር ላይ የወጣ አለ። ኦቦ ቱፋ አንዱ "አለ" ባለ ቁጥር ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ይመታሉ። በመጨረሻ ዙሪያውን አዩና "ታዲያ ከሳሹ ማነው?" ቢሉ ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

እኔ ወደ ፎልደሩ የተመለሰውን እየቆጠርኩ ነበር። አርባ አምስት። ደግሜ ቆጠርኩ። አሁንም አርባ አምስት።

"የማን ነው የቀረው?"

ጫልቱ ወለሉን እያየች እጇን አወጣች። የሌላውን ማጥፋት አትችልም፣ የራሷን ግን ትችላለች። ሰርዛ፣ ቅርጫቱን ደፍታ፣ ከነጭራሹ ያጠፋችው የራሷን ብቻ ነው።

"ፈቃዱንም የሰጠሁ እኔ፣ ሳልጠይቅ የተቆጣሁም እኔ። ይቅር በይኝ" አልኳት፣ በሁሉም ፊት። ኦቦ ቱፋም "አሁን ሽምግልናው አለቀ" ብለው ተነሡ።

ናትናኤል "ቲቸር፣ እስከ ሰኞ ጊዜ ስጫት" ሲል ሌሎቹ ተቀባበሉት። ምክትላችንም እስኪበቃቸው ከሳቁብኝ በኋላ ፈቀዱ። ያን ቀን ከሰዓት ወደ ቤቱ የሄደ ልጅ የለም። ጫልቱን መሐል አስቀመጧት። እሷ ስለ ቡልቡላ መንገድ ዳር ገበያ፣ ስለ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ጭነት ትናገራለች፤ እጁ የፈጠነው ይጽፋል፤ ሌላው "ሐይቁንስ? ስለ ሐይቁም ንገሪን እንጂ!" ይላታል። ድምጿ የማይሰማው ልጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራች።

ሲወጡ ጠብቄ ለብቻዋ ጠየቅኳት። "ያ ሁሉ ልጅ ሲጨፍር ያንቺ እንደሌለ ታውቂ ነበር። ለምን ዝም አልሽ?"

"የነሱ ከተገኘ ይበቃል ብዬ ነዋ፣ ቲቸር" አለችኝና እየሮጠች ጓደኞቿን ተከተለች።

እኔ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በማስተማር ሥራዬ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም፤ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝም ጊዜ የለም።