ከግንቡ ላይ የማይነሳው ሰው

የእህቴ ባል ኡፓቲሳ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲያስነሳ ኖሮ ራሱ መነሳት ያቃተው ሰው ነው። በባሕሩ ዳር መስመር ላይ የባቡር ተቆጣጣሪ ነበር። የመጨረሻው ፉርጎ በር ላይ ቆሞ ፊሽካውን ይነፋል፣ አረንጓዴ ባንዲራውን ያውለበልባል፣ ባቡሩ ይሄዳል። ከኮሎምቦ እስከ ማታራ ያለ ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ስሙን የሚያውቀው ግን የለም። ሰው ባቡር ሲመጣ የሚያየው ፊቱን ነው፤ ጭራው ላይ ለቆመው ማን ግድ አለው? ጡረታ ሲወጣ የግድግዳ ሰዓትና ጃንጥላ ሸለሙት። ሰዓቱን እህቴ ኩሱማ ሳሎን ሰቀለችው። ጃንጥላውን እሱ ይዞ ወደ ግንቡ ወጣ።

የጋል ምሽግ ግንብ ከክሪኬት ሜዳው ራስጌ ነው ያለው። ገንዘብ ያለው ትኬት ቆርጦ ይገባል፤ የኛ ሰው ሣሩ ላይ ተዘርፍጦ በነፃ ያያል። እኔም ድሮ እዚያው ነበርኩ፤ ጨዋታውን እወዳለሁ። ያንገሸገሸኝ ጨዋታው ሳይሆን የሚያዩት ሰዎች ናቸው።

ኡፓቲሳን የሚከቡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው መምህር ሊዮኔል፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ቡላት ቅጠል እያኘከ ቀይ ምራቁን እግሩ ስር ይተፋል፤ ማንም ሰው በማይችለው እብሪት ይናገራል። ሁለተኛው ራሲክ፣ ምሽጉ ውስጥ ለቱሪስት የቀለበት ድንጋይ የሚሸጥ፣ ሳይሳደብ ሰላም ማለት የማይችል ሰው ነው። ሦስቱ ከተሰበሰቡ ቡድኑን የሚመሩት እነሱ ይመስላቸዋል። ካፒቴኑ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ባዘዋወረ ቁጥር እዚህ ላይ ጠብ ይነሳል።

እንግዲህ የኡፓቲሳ ነገር እንዲህ ነው የተጀመረው። በአንድ ግጥሚያ ሁለት መቺዎቻችን ተደላድለው ቆመው ሳለ እሱ የተጠበሰ ሽሪምፕ ሊገዛ ተነሳ። ገና እግሩን ከማንሳቱ አንዱ መቺ ተሸንፎ ከጨዋታ ወጣ። በማግስቱ ሽንት ቤት ሊሄድ ሲነሳ ሌላው ወጣ። መምህር ሊዮኔል ምራቁን ተፋና ፈረደ፤ "ይህ ሰው ሲነሳ መቺ ይወጣል። ከዛሬ ጀምሮ አይነሳም።"

ሁለት መቺ ተስማምቶ ሲቆም ቦታ አለመቀየር እኛ ዘንድ ወግ ነው። እግሩን ወንበር ላይ የሰቀለ እንደሰቀለ ይቆያል፤ ቆሞ የነበረ እንደቆመ ይውላል። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ሁሉም ስቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኡፓቲሳ ግን የምሩን ያዘው። ዕድሜውን ሙሉ ስሙን ጠርቶት የማያውቅ ሰው ሁሉ ግንቡ ላይ እንደ ታላቅ ወንድም አክብሮ "ኡፓቲሳ አይያ ቦታው ላይ ነው?" እያለ ይጠይቅ ጀመር። ቦታው ላይ ከሆነ ሁሉም ደህና ነው። ይህን ሹመት ከየትኛውም ጡረታ አበልጦ ወደደው።

ልጁ ዲልሩክሺ በጭኑ ላይ ተቀምጣ እያየች ነው ያደገችው። ጥርሷን ሳትቀይር ነጥብ መቁጠር ታውቅ ነበር። ያገባችው ከማታራ ጥሩ ልጅ ነው። ኮከብ ቆጣሪው ቀኑን ቆረጠ፤ ወደ ሠርጉ መድረክ የምትወጣበትንም ሰዓት ረፋድ ላይ አደረገው። እኛ ዘንድ ያ ሰዓት ለሰው አይጠብቅም። ደርሶ ካለፈ አለፈ ነው፤ ሌላ ቀን ይፈለጋል፣ አለዚያም ትዳሩ ሁሉ በዚያ ጥላ ስር ይኖራል። ታዲያ ቀኑ ከሕንድ ጋር የምንገጥምበት የአምስት ቀን ጨዋታ አምስተኛው ቀን ላይ ወደቀ።

እህቴ ስትጨነቅ ኡፓቲሳ ሳቀባት። "እዚህ ሜዳ ላይ ኳሷ እንደ እባብ ትጥመዘመዛለች። አምስተኛ ቀን ድረስ የዘለቀ ግጥሚያ መቼ አይተሽ ነው? በአራተኛው ያልቃል" አላት።

አላለቀም። በሠርጉ ዕለት ማለዳ ነጭ ልብሱን ለበሰና "አንድ አፍታ አይቼ እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ። አዳራሹ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ ስለሆነ ለግንቡ ቅርብ ነው። እንግዳው ሲገባ አልመጣም። ከበሮ መቺዎቹ ሲደርሱም አልመጣም። እህቴ ፊቷ አመድ መስሎ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም የሠርግ ልብሴን እየጎተትኩ ግንቡን ወጣሁ።

ስደርስ ሊዮኔልና ራሲክ ተያይዘዋል።

"እኔ ብሆን ያንን ግራኝ ወርዋሪ እቀጠቅጠው ነበር" ይላል ራሲክ። "አምስት ሰው መቺው አፍንጫ ስር አቁመዋል፤ ከኋላ ሜዳው ባዶ ነው። አንድ ሁለቴ ከፍ አድርጎ ቢመታ ይበተናሉ።"

"ለዚህ እኮ ነው አንተ ድንጋይ የምትሸጠው" አለ መምህር። "ባዶውን ያሳዩህ እንድትመታ ነው። ከፍ ታደርጋለህ፣ ይቀልቡሃል፣ ደህና ሁን። ዛሬ ነጥብ ማን ጠየቀህ? የቀረን መቆም ነው። እስኪመሽ ቆሞ አቻ መውጣት።"

"መቆም ብቻ ከሆነ ምሰሶ አትተክሉም ነበር?"

"ምሰሶማ ከመጀመሪያው መቺያችን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ሁለተኛዋን ኳስ ያያል።"

ከእነሱ ወረድ ብሎ ከማድራስ የመጣ የሕንድ ባንዲራ የለበሰ ወጣት ተቀምጧል። "አምስት ቀን ሙሉ ስትከላከሉ ዋላችሁ፤ መጫወት የምትጀምሩት መቼ ነው?" አላቸው።

"እናንተስ አገር ምድሩን ሞልታችሁ ሁለት ልጅ ማስወጣት አቅቷችሁ የለ?" አለ ራሲክ፤ ግንቡ በሙሉ ሳቀ።

ኡፓቲሳ አልሳቀም። ጃንጥላው ስር ቀጥ ብሎ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ነጩ ሽርጡ ጫፍ ላይ የሊዮኔል ቀይ ምራቅ ተረጭቷል። አጠገቡ አንድ ጠርሙስ ቆሟል፤ መጀመሪያ ሻይ መስሎኝ ነበር፤ ሽንቱ ነው። የልጁ ሠርግ ቀን፣ በሠርግ ልብሱ፣ ሰው መሃል።

"አይያ፣ ተነስ። ሰዓቱ ደርሷል" አልኩት።

አንገቱን እንኳ አላዞረም። "መጣሁ ማሊ፣ ታናሽ ወንድሜ። ይቺ ዙር ትለቅ።"

ዙሩ አለቀ። አልተነሳም።

"የት ነው የምትወስደው?" አለኝ መምህር። "ሁለቱ ልጆች ከጠዋት ጀምረው እንደቆሙ ናቸው። እሱ ተነስቶ ቢወጡ አንተ ትጠየቃለህ?"

"ሴት ልጁ እየተዳረች ነው፣ መምህር።"

"ትዳር፤ ማን ከለከላት?"

በአስተማሪነት ዘመኑ የስንቱን ልጅ ጆሮ እንደጠመዘዘ አስቤ የእሱን ልጠመዝዝ ቃጣኝ። ትቼው ኡፓቲሳ ፊት ተንበረከክሁ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ማሊ፣ ብነሳ ይወጣል። ታውቃለህ፣ ይወጣል።"

"ልጅህ እየጠበቀችህ ነው።"

"እዚያ እኔ ባልኖር አንተ አለህ" አለኝ። "እዚህ እኔ ባልኖር ማን አለ?"

ደሜ ፈላ። ክንዱን ይዤ ሳብኩት። ከሣሩ ትንሽ ከፍ እንዳለ ኳሷ የመቺውን እግር መታችው፤ ሕንዶቹ በሙሉ እጃቸውን አንስተው ወጥቷል ብለው ወደ ዳኛው ጮኹ። ዳኛው አይደለም ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ መቺው አልወጣም። ኡፓቲሳ እንደ ድንጋይ ተመልሶ ቁጭ አለ። የማላውቀው ሰው ሸሚዜን ከኋላ ጨምድዶ "ሰውየውን ተወው፣ አበደ እንዴ ይሄ?" አለኝ። ያበድኩት እኔ ሆንኩ።

ሮጬ ወረድኩ። ዲልሩክሺ መጋረጃው ጀርባ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን በር ነው።

"አባዬስ?"

"ግንቡ ላይ ነው" አልኳት። ውሸት አላዘጋጀሁም ነበር።

"ስንት መቺ ቀርቶናል?"

"አምስት።"

"አይነሳማ" አለች። እጇንም ሰጠችኝ።

ልጅን መርቶ ወደ መድረኩ ማውጣት የአባት ሥራ ነው። የሙሽሮቹን ትንንሽ ጣቶች በወርቅማ ክር አስሮ ውሃ ማፍሰስ የእናት ወንድም ሥራ ነው። ሁለቱንም ሠራሁ። የሙሽራው አክስቶች "አባቷ ሞቷል እንዴ?" ሲባባሉ እህቴ እየሰማች ወለሉን ታያለች። ውሃውን ሳፈስ ከሜዳው በኩል ጩኸት መጣ፤ የሕንዶቹ ከበሮ ነው፤ ለየሁት። አንዱ መቺያችን ወጥቷል። ኡፓቲሳ ከነጠርሙሱ ተቀምጦ ሳለ መቺው ወጣ።

አመሻሹ ላይ ኡፓቲሳ መጣ። ጨዋታው አቻ አልቋል። ሊዮኔልና ራሲክ ግራና ቀኝ ይዘውት ገቡ፤ ራሲክ "አገር ያዳነው ሰው ይሄ ነው!" እያለ ለሙሽራው አባት አስተዋወቀው። ኡፓቲሳ ላብ ላብ ይላል፣ ፊቱ ግን በርቷል። ዲልሩክሺ እንደ ወጉ ተንበርክካ ለአክብሮት የሚሰጠውን የቡላት ቅጠል በሁለት እጇ ሰጠችው። ራሷን ዳበሰና ባረካት። ምንም አላለችውም፤ እሱም ይቅር ያለችው መሰለው።

ጥግ ይዤው "ሳትነሳ መቺ ወጥቷል አይደል?" አልኩት።

"አንተ ስለነቀነቅከኝ ነው" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ግንቡን አልረገጥኩም። የሆነውን ግን እሰማ ነበር። ሊዮኔል ታሪኩን ለመጣ ለሄደው ይተርካል፤ "ልጁን ሲድሩ እንኳ አልተነሳም" ሲል ሰው በአድናቆት አፉን ይይዛል። የተቀመጠበትን ቦታ በነጭ ቀለም ከበቡለት፤ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት። አንድ አባት ከልጁ ሠርግ ለመቅረቱ ሐውልት ተሠራለት ማለት ነው። ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዲልሩክሺ ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ የመጀመሪያዋን የወተት ሩዝ የሚቀምስበት ቀን ደረሰ። ለዚህም ሰዓት ይቆረጣል፤ የሚያጎርሰውም አያት ነው። ያን ሰሞን ግጥሚያ አልነበረም። ኡፓቲሳ ሳምንቱን ሙሉ ጥፍሩን ሲቆርጥ፣ ጺሙን ሲያስተካክል፣ እጁን በሎሚ ሲፈትግ ነበር። በዕለቱ ጠዋት ልጅቷ ደወለችልኝ፤ የምታደርስልኝ መልእክት አለ አለች። ሰማሁና "እርግጠኛ ነሽ?" አልኳት። "እርግጠኛ ነኝ አጎቴ" አለች፤ ድምጿ ላይ ቁጣ አልነበረም።

ቤቱ ስደርስ ኡፓቲሳ ከግድግዳው ሰዓት ስር አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን አጥልቆ ተቀምጧል። እህቴ ቀድማ ሄዳለች።

"አየህ፣ ዛሬ ቀድሜ ተዘጋጅቻለሁ" አለኝ።

"ዲልሩክሺ እንዲህ ብላሃለች" አልኩት። "በዚያች ሰዓት አባዬ ግንቡ ላይ፣ ቦታው ላይ ይቀመጥ። ንቅንቅ እንዳይል። እሱ ሲነሳ ነገር ይበላሻል፤ በልጄ ላይ እንዳይበላሽብኝ።"

ጃንጥላውን ከጥግ አነሳ።

አብሬው ወጣሁ። ሜዳው ባዶ ነው፤ መሃሉ በሸራ ተሸፍኗል፤ ሁለት ሠራተኞች ቱቦ ይጎትታሉ። ሊዮኔልም ራሲክም የሉም። ነጩ ክብ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ በሎሚ የታጠቡ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ዝንብ ፊቱ ላይ አረፈች፤ አላባረራትም። እህቴ እስክትደውልልኝ ድረስ ንቅንቅ አላለም።

"ጎረሰ?" አለኝ።

"ጎረሰ። የሙሽራው አባት ነው ያጎረሰው።"

"አልተፋም?"

"አልተፋም።"

ራሱን ነቀነቀ። "አልተነሳሁማ" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "ማሊ፣ አሁንስ ልነሳ?"

"እኔ ምን አውቄ?" አልኩት። "ልጅህን ጠይቃት።"