የእናቴ ለቅሶ

ሰው በማይቀልድበት መቀለድ እንጀራዬ ነው። ፍኖተ ሰላም አዳራሽ መድረክ ላይ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን በሹማምንቱ ስብሰባ ቀለድሁ፤ በሁለተኛው በቄሶቹ። ቡሬ ላይ ማይክ ተቀምቻለሁ፤ ድንጋይም ተወርውሮብኛል። ግድ አልነበረኝም። ስሜን ያስጠራው ግን በእናቴ የቀለድሁት ነው።

እናቴ በደብሩ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ለቅሶ ስትደርስ ከአጥሩ ማዶ ጀምራ እየጮኸች ነው፤ ደረቷን እየመታች፣ የሟቹን በሬና ማሳ ሳይቀር እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች። እኔም ነጠላ አዘቅዝቄ ያንኑ አደረግሁት፤ መሀሉ ላይ ቀጥ እልና «ንፍሮው ደርሷል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቪዲዮው በየሰው ስልክ ዞረ። እናቴ ትየው አትየው አልጠየቅሁም። ስደውልላት የምታወራኝ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ነበር።

ባለፈው ክረምት ሞተች ብለው ሲደውሉልኝ ምንም አልተሰማኝም። ቀብሩ አልፎ ነው የደረስሁት። ከፍኖተ ሰላም ባጃጅ ይዤ፣ ጭቃው ሲያስቸግረው ወርጄ በእግሬ ቀጠልሁ። እኛ ዘንድ ከሩቅ የመጣ ልጅ ከአጥሩ ማዶ ሳይጮህ ድንኳን አይገባም። ለቀስተኛው ቆሞ ይጠብቀኛል። አፌን ስከፍት የወጣው የመድረኩ ነው፤ የእርሷው ድምፅ፣ የእርሷው ደረት አመታት። ሌላ ለቅሶ አላውቅማ። ጎረምሶቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ አንዱን ግን ሳቁ አመለጠው። አልተቆጣሁም፤ እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር።

አቋርጬ ገባሁና የእናቴ ታናሽ፣ አክስቴ አጠገብ ተቀመጥሁ። ድንኳኑ ጭር ብሏል።

«እትዬ፣ ለእርሷ ሙሾ የሚያወርድላት ጠፋ?» አልኋቸው።

«ማን ያውርድላት ልጄ? እርሷም ትታው ነበር እኮ። ያንን ነገር በስልክ ካሳዩዋት ወዲህ ለቅሶ ቤት ገብታ ድምፅ አላወጣችም። አጎትህ የሞተ ጊዜ እንኳ፣ የገዛ ወንድሟ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም።»

«ምነው ሳትነግሩኝ?»

«እንዳትነግሩት አለችና። እንጀራው ነው ተዉት አለች።»

ማፈር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ሆኖም አፈርሁ ማለት አልችልም። ደረቴ ውስጥ ምንም የለም። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መሬት መሬቱን አየሁ።

ንፍሮው በሰፌድ ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። ሰው ሁሉ እያየኝ ዘግኜ በላሁ።