የእግር ስለት

አማቴ ከቤት የጠፉት በፍልሰታ ጾም፣ ዓርብ ጠዋት ነው። ልጄን ዴይኬር፣ የሕፃናት መዋያው፣ አድርሼ ስመለስ በሩ ተቆልፏል፤ ጃንጥላቸው የለም፤ ነጩ ስኒከራቸውም ከቦታው ተነሥቷል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺህ አሥራዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ ባሕር ማዶ፣ ማሪዬታ በምትባል የከተማ ዳር ሰፈር ቤት ተከራይተን ስንኖር። በዚያ ሰፈር ዳቦ ለመግዛት እንኳ መኪና ይነሣል። መንጃ ፈቃድ የሌላቸው የስድሳ ሰባት ዓመት ሴት በእግራቸው የት ይሄዳሉ?

የት እንደሄዱማ ገብቶኛል። ሳምንቱን ሙሉ «ስለት አለብኝ፤ እስከ ማርያም በእግሬ ነው የምሄደው» ሲሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ ከከተማው ማዶ በስተምሥራቅ ናት፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና አርባ ደቂቃ። ባሌ «እሺ እማዬ፣ እንሄዳለን» እያለ ሲያባብላቸው ሰነበተ። እኔ አልገባሁበትም። እኔ ጴንጤ ነኝ። ልጃችን ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትና ትነሣ ሲባል እምቢ ያልኩት እኔ ነበርኩ። አማቴ ያኔ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ግን ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ከእሳቸው ጋር የማወራው ስለ ምግብ፣ ስለ ልጅቷና ስለ አየሩ ብቻ ነበር።

መኪናዬን አስነሥቼ ወጣሁ። ብዙም ሳልርቅ አየኋቸው። የእግረኛው መንገድ ያለቀበት ቦታ ላይ፣ ሣሩ ውስጥ፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይሄዳሉ። ትልልቅ የጭነት መኪኖች ሽው ባሉ ቁጥር ነጠላቸው ወደ አስፋልቱ ይሳባል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣

«እማማ፣ ይግቡ!» አልኩ።

«አልገባም። መኪና ከነካሁ ስለቴ ፈረሰ።»

«የእግረኛ መንገድ እኮ የለም! ይገጩዎታል!»

«አንቺ ሂጂ፣ ልጄ። ሥራሽን አትፍቺ።»

ሥራ አልነበረኝም፤ የዕረፍት ቀኔ ነው። ከኋላዬ መኪኖቹ ክላክስ ያደርጋሉ። እፊት ያለው ግሮሰሪ ግቢ ገብቼ ፓርክ አደረግኩና ለባሌ ደወልኩ። ኤርፖርት ሥራ ላይ ነው፤ አያነሣም። ከመኪናው አንድ ጠርሙስ ውሃና ከልጄ ወንበር ሥር አንዲት ትንሽ የፖም ጭማቂ አንሥቼ ሮጥኩ። እግሬ ላይ ያለው ነጠላ ጫማ ነው፤ ልጅ ለማድረስ የወጣሁ ሰው ነኝ።

ስደርስባቸው ዞር ብለው እግሬን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እርምጃቸውን ቀጠሉ። እኔም በመኪኖቹ በኩል ሆኜ ተከተልኳቸው።

ዕቅዳቸውን በመንገድ ላይ ነገሩኝ። ሦስት ቀን ነው። ዛሬ ወንዙን ተሻግረው ሳንዲ ስፕሪንግስ በሚባለው ሰፈር፣ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል አጠገብ የምትኖረው ጓደኛዬ ቤት ያድራሉ። ሳይነግሩኝ ደውለው ጠይቀዋታል። ልጃችንን አንሥቶ እዚያው እንዲመጣ ለባሌ መልእክት ላክኩ። ቅዳሜ ከዚያ ይቀጥላሉ፤ እሑድ ቅዳሴ ሳያልቅ ይገባሉ። እኔ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ነኝና የተጨነቅኩት ለመንገዱ ብቻ አይደለም። አማቴ ስኳር አለባቸው። በፍልሰታ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም።

«ኪኒንዎን ወስደዋል?»

«ከጸሎት በፊት ውጫለሁ።»

ያንን ኪኒን ውጦ አለመብላት ጨርሶ ካለመዋጥ ይብሳል። ውሃውን ዘረጋሁላቸው። በእጃቸው ጀርባ መለሱት።

የነሐሴ ሙቀት ከአስፋልቱ እየተነሣ ፊታችንን ይገርፋል። አንዳንዱ ቦታ ላይ የእግረኛ መንገድ ብቅ ይልና ከመቶ እርምጃ በኋላ ከአንድ አጥር ሥር ይጠፋል። ያኔ ጉድጓዱን ተሻግረን በሰው ሣር ላይ እንሄዳለን። አንድ ቤት በር ላይ ውሻ ተወርውሮ ወጣና ሰንሰለቱ ያዘው። አንድ ሰውዬ ደግሞ በመስኮት «ጠፍታችኋል?» ብሎ ጠየቀን። አማቴ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ውዳሴ ማርያም እየደገሙ ነው። የነጠላ ጫማዬ ማሰሪያ በጣቶቼ መካከል ቆዳዬን ላጠው።

ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል።

«ልጅቷን ማን ያዛት?» አሉኝ።

«ዴይኬር ናት፣ እማማ።»

ትንሽ ሄድ አሉና፣ «ልጅቷን ማን ያዛት?»

ዞሬ አየኋቸው። ግንባራቸው ላይ ላቡ ችፍ ብሏል፤ እጃቸውን ስይዘው ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ይንቀጠቀጣል። ጃንጥላው ከእጃቸው ወደቀ። ደግፌ መንገዱ ዳር ሣሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጭማቂውን ከፍቼ ወደ አፋቸው ሳቀርብ ጥርሳቸውን ነከሱ።

«እማማ፣ ስኳርዎ ወርዷል። ካልጠጡ ራስዎን ይስታሉ።»

«ሰዓቱ... አልደረሰም።»

ሰው ደውሎ ነው መሰል፣ ወዲያው የፖሊስ መኪና መብራቱን እያብለጨለጨ ከኋላችን ቆመ። አንድ ወጣት ፖሊስ ወረደና ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «አምቡላንስ እጠራለሁ» ብሎ እጁን ወደ ሬዲዮው ሰደደ። አማቴ «አምቡላንስ» የምትለዋን ቃል ሰምተው ሣሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«እንዳይጠራ! መኪና ላይ እንዳያወጡኝ! ልጄ ይሙት ብለሽ ንገሪው!»

«አምስት ደቂቃ ስጠኝ» አልኩት። «የሚጠጣ ነገር ይዣለሁ።» ፖሊሱ ሰዓቱን አየና፣ «አምስት ደቂቃ። ከዚያ እጠራለሁ» አለ።

እኔን እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። የሚሰሙት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የንስሐ አባታቸው። ቁጥሩ በእሳቸው ስልክ ውስጥ አለ። እኚያን ቄስ ልጄን ክርስትና ሊያስነሡ ፈቃዴን በጠየቁ ጊዜ ከደጄ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ስልኩን ከአማቴ ኪስ አውጥቼ ደወልኩ።

«ሃሎ አባ፣ እማማ አይደሉም፤ ምራታቸው ነኝ።»

«ጴንጤዋ?» አሉ።

«አዎ፣ ጴንጤዋ። እማማ በስለት በእግር ወጥተው መንገድ ላይ ወድቀዋል። ስኳራቸው ወርዷል። ጭማቂ ይዣለሁ፤ ጾም ነው ብለው አፋቸውን ዘጉብኝ። ፖሊስ አጠገቤ ቆሟል። አባ፣ እባክዎን!»

«ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊው።»

ድምፁን ከፍ አደረግኩትና ያዝኩላቸው። አባ አማቴን እንደ ልጅ ነው የሚያናግሯቸው።

«ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?»

«በእግሬ... እመጣለሁ ብዬ።»

«በእግርሽ። ተጠምቼ እመጣለሁ ብለሻል?»

«አላልኩም፣ አባ።»

«እንግዲያው ስለትሽ የእግር ነው፤ የጥም አይደለም። ጠጪ!»

«ጾሙን ልሽር ነው? እንግዲያው ቀኖና ይስጡኝ።»

«ቀኖናሽ ከምራትሽ እጅ ተቀብለሽ መጠጣት ነው። አሁን፣ እኔ እየሰማሁ።»

አማቴ አማተቡና አፋቸውን ከፈቱ። ግማሹ ጭማቂ አገጫቸው ላይ ፈሰሰ፤ ግማሹን ዋጡት። ፖሊሱ ሬዲዮውን ትቶ የራሱን ሶዳ ከመኪናው አመጣልኝ፤ ከእሱም አጠጣኋቸው። አንጓቸውን ይዤ የልብ ምታቸውን እቆጥራለሁ፤ ሲጠፋብኝ እንደገና እጀምራለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መንቀጥቀጡ ተዋቸው። ፊቴን አዩና፣ «አንቺ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?» አሉኝ። እያለቀስኩ መሆኔን አላወቅኩም ነበር።

እኔ «አሁን ለባሌ እንደውልና ወደ ቤት እንመለስ» አልኩ። እሳቸው ጃንጥላቸውን ምርኩዝ አድርገው ተነሡ። ፖሊሱ ግራ ገብቶት የት እንደምንሄድ ጠየቀኝ። ቤተ ክርስቲያን አልኩት። የትኛው? ነገርኩት። አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ድልድዩን በመብራት እንደሚያሻግረን ነገረኝ። እንዲህ ነው ወንዙን፣ ቻታሁቺን፣ የተሻገርነው፤ እኛ በድልድዩ አጥር ጥግ እየተራመድን፣ የፖሊስ መኪና ከኋላችን እያዘገመ፣ ከእሱ ኋላ ደግሞ የተቆጣ የመኪና ሰልፍ። ወደ ታች እንዳላይ ዓይኔን ከአማቴ ተረከዝ ላይ አልነቀልኩም። ማዶ ስንደርስ ፖሊሱ እጁን አውለብልቦ ሄደ። አማቴ «እመቤቴ ትከተለው» አሉ።

ከዚያ በወንዙ ዳር የሚሄድ የእግረኛ መንገድ አገኘን፤ ጥላ ያለው። እዚያ ነው እስካሁን ያልጠየቅኩትን የጠየቅኳቸው።

«ስለቱ ለምንድን ነው?»

«ለልጅሽ ነዋ።»

ልጄ የተወለደችው በሰባት ወሯ ነው። ሐኪሙ «ዛሬን ካለፈች እናያለን» ባለን ቀን የቤተ ክርስቲያኔ ሰዎች ክፍሌን ሞልተው ሲጸልዩ አማቴ ጥለው ወጥተው ነበር። ከእኛ ጋር ላለመጸለይ ነው ብዬ ቂም ይዤባቸዋለሁ።

«የት ሄደው ነበር ያኔ?»

«ታች፣ መኪና ማቆሚያው ጋ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ተሳልኩ። በእግሯ ስትሮጥ ካየኋት በእግሬ እመጣለሁ አልኩ። አሁን ትሮጣለች።»

ልጄ ስትድን ቤተ ክርስቲያኔ መድረክ ላይ ወጥቼ መስክሬያለሁ። ጸሎታችን ተሰማ ብዬ። ያን ቀን አማቴ ለአክብሮት መጥተው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ልበልሽ? የኔዋ ናት ያዳነቻት ብዬ ልሟገትሽ? ልጅቷ ድና የለ!»

ያቆሰለኝን ነጠላ ጫማ አውልቄ ያዝኩና ባዶ እግሬን አጠገባቸው ሄድኩ።

ጓደኛዬ አፓርታማ የደረስነው አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነው። ባሌ መልእክቴን አይቶ ልጃችንን ይዞ ቀድሞን ደርሷል። እናቱን ሊቆጣ ተነሣና የእኔን እግር ሲያይ ተወው። «ነገና ከነገ ወዲያ አብሬያት የምሄደው እኔ ነኝ» አለ። እኔም አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጥኩ፤ በየሁለት ሰዓቱ ጭማቂ። አማቴ «አባ ፈቅደዋል» ብለው ተስማሙ።

እሑድ እኔ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ረፋዱ ላይ ባሌ ደወለልኝና ስልኩን ለእሳቸው ሰጣቸው። ከኋላ ከበሮና እልልታ ይሰማል።

«ገባን» አሉኝ። «አንቺስ፣ ቁርስ በልተሻል?»

ልጃችን እስከ ዛሬ ክርስትና አልተነሣችም፤ ጉዳዩም በቤታችን አልተፈታም። ከዚያ ወዲህ ግን አማቴና እኔ ስለ አየሩ ብቻ አናወራም። አንዳንዴ ክፉኛ እንከራከራለን፤ ተከራክረን ስንጨርስም ማዕድ አብረን እንቀርባለን።