የልጅ ልጄን ያልጠየቋት ሴቶች

የእድራችን ሴቶች የልጅ ልጄን በድለዋታል። ይህ ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። እኛ የካ ዳገት ላይ የምንኖር ሰዎች፣ ሰው ሲሞት ድንኳን እስኪተከል አንጠብቅም። እግሩ የተሰበረውን ብርቱካን ይዘን እንጠይቃለን። እሷ ግን ክረምቱን ሙሉ በጭንቀትና በድብርት ተይዛ ስትተኛ «እንዴት አደርሽ» ያላት አልነበረም።

ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። መገናኛ፣ አንድ ፎቅ ላይ ቢሮ ትሠራ ነበር። በመጀመሪያ ታክሲ ውስጥ ልቧ በኃይል ይመታባት ጀመር። «ወራጅ አለ» ብላ መንገድ ላይ ትወርድና በእግሯ ትመለሳለች። እየቆየ ከቤት መውጣት አቃታት፤ ቀጥሎ ከአልጋ መውረድ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ መድኃኒት አዘዘችላት፣ እየሄደች የምታናግራት ባለሙያም አገናኘቻት። ለእኔ ደግሞ፣ «እማማ፣ መድኃኒቱ ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያ ብቻዋን አይተዋት» አለችኝ።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። «ተነሺ» ማለት እንደማይጠቅም ግን ቶሎ ገባኝ። ጠዋት መጋረጃውን እገልጥና ምስር በሰፌድ አድርጌ አልጋዋ ላይ አስቀምጣለሁ።

«ዓይኔ አላይ ብሎኛል፤ ጠጠሩን ልቀሚልኝ።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ትናንት የለቀምኩት ነው።»

«ታዲያ ትናንት ሥራ መስሎሽ ነው የለቀምሽው?»

ትነጫነጫለች፤ ግን ቁጭ ብላ ትለቅማለች። ፍርሃቱ ሲመጣባት ባለሙያዋ እንዳሳየቻት በቀስታ ትተነፍሳለች። እኔም እጇን ይዤ አብሬያት እተነፍሳለሁ። መሀል ላይ ሳል ይይዘኝና ለሁለታችንም ያበላሽብናል። ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ እናዘግማለን። አንዳንድ ቀን ባሕር ዛፉ እስከሚጀምርበት እንደርሳለን። አንዳንድ ቀን ከግቢው በር አናልፍም። «በሩም መንገድ ነው» እላታለሁ።

ግን እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ጉልበቴም አርጅቷል። ስለዚህ እድሩ ሲሰበሰብ ሄድኩና ተነሥቼ ተናገርኩ። አንዷ፣ «ወጣት አይደለች? ሥራ ስትጀምር ይለቃታል» አለች። ሌላዋ፣ «ጠበል ውሰጃት» አለች።

«ጠበሉን መች ጠላሁ? እናንተን ነው ያጣሁት» አልኳቸው። «ለመሆኑ ልጅቷ ብትሞትብኝ አትመጡም ነበር?»

«ኧረ በስመ አብ! ምን ነክቶሽ ነው የምታሟርቺው?»

«ትመጣላችሁ። እኔን ከብባችሁ ታድራላችሁ። እኔ ግን የምፈልጋችሁ አሁን ነው፣ ልጄ በሕይወት እያለች።»

ሰብሳቢዋ አብራኝ ያረጀች ጎረቤቴ ናት። መሬት መሬቱን እያየች የእድሩን መዝገብ ዘጋች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። መምጣታቸውን ስሰማ ደስ ብሎኝ በሩን ከፈትኩ፤ ሳያቸው ግን ደሜ ፈላ። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሁለቱ ንፍሮ ይዘዋል። ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩና እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አብሮ መቀመጥ ሲባል የሚያውቁት ይህንኑ የለቅሶውን ነው። አንዷማ «ወይኔ ልጄን» ብላ እንባዋን መጥረግ ጀምራለች። አፌን ከፍቼ ልጮህባቸው ስል የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ።

የልጅ ልጄ ጸጉሯ እንደተንጨባረረ ቆማ ነጠላቸውን አየች፣ ንፍሮውን አየች።

«እማማ፣ ማን ሞተ?»

አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች።

«እኔ ነኝ እንዴ?»

ሰብሳቢዋ ደንግጣ ብድግ አለችና ነጠላዋን ልታስተካክል ስትታገል ጫፉን ረግጣው ኖሮ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ዘፍ አለች። ልጅቷ ሳቀች። እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ነይ ባክሽ፣ ቁጭ በይ» አለቻት አልቃሿ። «ሞተሽም ቢሆን ንፍሮው ጨው አለው።»

መሀላቸው ገብታ በላች።

በማግሥቱ አልዳነችም። ቀኑን ሙሉ ተኝታ ዋለች። እነሱ ግን ከዚያ ወዲህ በየተራ ይመጣሉ። አንዷ ሽንኩርቷን ይዛ መጥታ አጠገቧ ትልጣለች። ሌላዋ ታክሲ ውስጥ በሩ አጠገብ አስቀምጣት እስከ መገናኛ አብራት ትሄዳለች፤ ወራጅ ካለችም አብራት ትወርዳለች። ጉልበቴ እምቢ ባለኝ ቀን ዳገቱን ይዛት የምትወጣው ሰብሳቢዋ ናት።

እኔ ግን በደል በንፍሮ አይታጠብልኝም። ባለፈው ሦስታችንም ዳገቱን ስንወጣ፣ ልጅቷ ቀደም ብላ እስክትርቅ ጠበቅኩና ሰብሳቢዋን ያዝኳት።

«ክረምቱን ሙሉ የት ነበርሽ? ሌላውስ ይሁን፣ አንቺ እንኳ እንዴት?»

«አሁንም አልበረደልሽም?»

«መልሺልኝ እንጂ!»

አንድ ባሕር ዛፍ ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«የሞተባትን ‹እግዜር ያጥናሽ› እላለሁ። የታመመችን ‹እግዜር ይማርሽ›። ለወለደችም የሚባለውን አውቃለሁ። ለእሷ ግን ምን ብዬ እንደምገባ ጠፋኝ። ምስር ስትለቅም በመስኮት አይቻታለሁ፤ ሁለቴ ከደጃችሁ ደርሼ፣ የምለው አጥቼ ተመለስኩ።»