ከዝርዝሩ ውጭ የመጣ መልስ

ጋሼ ኮምፒውተሩን «ሰውዬው» ነበር የሚሉት። ጠዋት የኮምፒውተር ክፍሉን በር ገፋ ያደርጉና «ሰውዬው እንዴት አደረ? ተነሣ ወይስ ተኝቷል?» ይላሉ። እኔም «መብራት እስኪመጣ እያንቀላፋ ነው ጋሼ» እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆቦ ውስጥ የኅብረተሰብ ትምህርት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያን ዓመት ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። እኔ ደግሞ በዚያው በተማርኩበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ።

ርዕሰ መምህራችን የስምንተኛ ክፍል የሴሚስተር ፈተና በኮምፒውተር ይሰጥ ብሎ ወሰነ። ልጆቹ ከወዲሁ እንዲለምዱት ነው። የመምህራኑን ጥያቄ ሶፍትዌሩ ውስጥ ማስገባት የእኔ ሥራ ሆነ። ሌሎቹ ምርጫና እውነት ሐሰት አምጥተው በአንድ ከሰዓት ገላገሉኝ። ጋሼ ግን እንደ ልማዳቸው ከላይ እስከ ታች ባዶ ቦታ ሙላ! «ምርጫ የሎተሪ ወንድም ነው፤ ባዶ ቦታ ላይ ልጁ የራሱን ይዞ ይመጣል» አሉኝ። ምን አለፋችሁ፣ ግትር ናቸው።

ባዶ ቦታ ሙላ ለኮምፒውተር ሲሆን ጣጣ አለው። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ ይጻፋል፣ መሐሉ ላይ ክፍት ቦታ ይተዋል። ከሥሩ ደግሞ ትክክል የሚባሉት መልሶች አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ። ለእያንዳንዱ መልስ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ከተፈለገም ተማሪው መልሱን እንደላከ የሚያየው አጭር መልእክት ይጻፍለታል። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ መልስ ከመጣ ቀይ ያደርገዋል፣ አለቀ።

የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «በራያ ቆላ በብዛት የሚዘራው እህል ____ ነው» የሚል ነበር። መልሱን ማሽላ ብለው አስገቡ። ልሞክረው ብዬ እንደ ተማሪ ሆኜ «ጤፍ» ጻፍኩ። ቀይ ሆነ። ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ጤፍ አይዘራም? ቆቦ ላይ ተቀምጦ ጤፍ አይዘራም ይላል?»

«እርስዎ ነዎታ ማሽላ ብቻ የነገሩት! እሱ ምን ያውቃል?»

«ያ ረቢ! የሰማውን ብቻ የሚደግም ተማሪ አምጥተሽ መምህር አደረግሽብኝ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። ዓይናቸውን ጨፍነው ተማሪዎቻቸውን አንድ በአንድ ያስቧቸው ጀመር። «ጤፍ የሚለው ያ ከዋጃ የሚመላለሰው ረጅሙ ነው፤ አባቱ ጤፍ ነጋዴ ነው። ሙሉ ስጪው። ሽንኩርት የሚል አይጠፋም፤ ያ ቀልደኛው። የመስኖውን ማሳ እያየ ስለሚመጣ ነው። ግማሽ ስጪውና 'እንጀራውን ስጠይቅህ ወጡን አመጣህልኝ' ብለሽ ጻፊለት።» እኔ እየሳቅሁ እጽፋለሁ። ለአንዷ ጥያቄ የመልሱ ዝርዝር ከገጹ አልፎ ይወርዳል። እኔም ልጅ ሆኜ ስሳሳት እንዲህ ያስቡልኝ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ልቤ ስፍስፍ አለ።

«ከዚህ ሁሉ ውጭ የሆነ ቢመጣስ?» አሉኝ።

«ቀይ ይሆናል። ግን ለእሱም አንድ የጋራ መልእክት ማስቀመጥ ይቻላል።»

«እንግዲያው 'ይህን እኔም አላሰብኩትም፤ ተነሡና መጥታችሁ አስረዱኝ' በይልኝ።»

«ኧረ ጋሼ! ፈተና ላይ ተማሪ ይነሣል እንዴ?»

«ይነሣ! ተቀምጦ ማን ያስረዳኛል?»

ጻፍኩላቸው። እንዲህ እየተሳሳቅን ቆየንና አንዷ ጥያቄ ላይ ስንደርስ እጄ ቆመ። «ክረምት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ለራያ ሜዳ ____ ያመጣለታል።» መልሱ ደለል፣ ውሃ፣ ለም አፈር ነው። ጥያቄዋ ምንም ስሕተት የለባትም። እኔ ግን ያቺ ከሮቢት የመጣችው ልጅ ትዝ አለችኝ።

መስከረም ላይ ነው ቆቦ አክስቷ ዘንድ መጥታ እኛ ጋ የተመዘገበችው። አባቷ የሞተው በዚያው ክረምት ነበር። እኛ አገር ሜዳው ላይ አንድ ጠብታ ሳይጥል፣ ደጋው ከጠቆረ ጎርፍ ይመጣል። ገበሬው አካፋውን ይዞ ይሮጣል፤ ጎርፉን ጠልፎ ማሳው ውስጥ ካላስገባ ዓመቱ ባዶ ነው። አባቷም ሊጠልፍ ወጣ፣ የጎሊና ወንዝ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ተናግራ አታውቅም። ስሟ ሲጠራ እጇን ብቻ ታወጣለች። የፈተና ወረቀት ሲሰጧት ስሟን ጽፋ እንዳለ ትመልሰዋለች፣ ነጩን። አጎቷ ደግሞ ይህን ሴሚስተር ከወደቀች ከትምህርት አስወጥቶ ወደ ሳውዲ ሊልካት ደላላ አነጋግሯል። አክስቷ ይህን ስትነግረን እያለቀሰች ነበር።

«ጋሼ፣ ይህቺ ጥያቄ ትውጣ» አልኩ።

«ለምን ትወጣለች?»

«ለምን? ያቺ ልጅ ታንብባት ነው የሚሉኝ? ጭካኔ ነው!»

ጋሼ ተቆጡ። «እሺ፣ ምኑን ልጠይቅ? ዝናብ ብል ጎርፉ አለ። ወንዝ ብል ጎሊና አለ። እርሻ ብል አባቷ አለ። ራያ ምድር ላይ እሷን የማይነካ ጥያቄ ካለሽ አምጪ!»

 ክርክር ስሸነፍ እኔ አመሌ ክፉ ነው። «እንደፈለጉ!» ብዬ በሩን ጓ አድርጌ ወጣሁ።

በነጋታው ቀድመውኝ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አብሽሪ፣ አኩርፈሻል አይደል?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያቺ ጥያቄ ላይ 'ሐዘን' የሚል መልስ ጨምሪ። 'ሞት'ም ጨምሪ። ለሁለቱም ሙሉ» አሉ።

«ርዕሰ መምህሩ ይህ ምን ዓይነት መልስ ነው ቢልስ?»

«ጎርፍ ሐዘን አያመጣም የሚል መጥቶ ለእኔ ይንገረኝ!»

ጨመርኩ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ምንም ላልጻፈስ ሰውዬው ምን ይሰጣል?»

«ዜሮ።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም ጋሼ። አንድ ፊደል ካልጻፈች እኛም የምናደርግላት ነገር የለም።»

መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

የፈተናው ቀን መብራቱ ደግ ሆኖ ዋለ። ልጅቷ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ጋሼ በሩ አጠገብ ወንበር ይዘዋል። እኔ በራሴ ስክሪን የሁሉንም መልስ አያለሁ። ቀልደኛው ሽንኩርት ብሎ ጻፈና መልእክቱን አንብቦ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። የእሷ ግን ሁሉም ባዶ ነው። አንዱን ታያለች፣ ትዘለዋለች፣ ሌላውን ታያለች፣ ትዘለዋለች። ሰዓቱ እያለቀ ሄደ። እመቤቴ ድረሽላት፣ አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ብቻ እያልኩ እለምናለሁ።

የጎርፉ ጥያቄ ላይ ስትደርስ ቆመች። ረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ እጇ ኪቦርዱ ላይ ተንቀሳቀሰ፣ አንድ ፊደል ፈልጋ፣ ሌላ ፊደል ፈልጋ። መልሱን ላከች። ሐዘን አይደለም። ደለልም አይደለም። «አባቴ የሚጠብቀውን» ይላል።

ክረምት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ለራያ ሜዳ አባቴ የሚጠብቀውን ያመጣለታል።

ያ መናኛ ማሽን ቀይ አደረገው! ተነሥቼ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም። ለካ ከቀዩ ሥር የጋሼ መልእክት ወጥቶላታል። ስታነበው አየኋት። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወንበሯን ገፍታ ተነሣች፣ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት፣ እሷ ግን ቀጥ ብላ ጋሼ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ጋሼ፣ ላስረዳ ብዬ ነው» አለች። ብዙ ጊዜ ሳትናገር ከመቆየቷ የተነሣ ድምፅዋ ሻክሯል።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡላት።

«አባቴ ክረምት ሲገባ ማሳው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ደጋው ሲጠቁር እኛን ይጠራናል። 'ኑ እዩ፣ መጣልን' ይለናል። ደስ ይለዋል።»

ጋሼ ተማሪ ሲናገር ሳያቋርጡ አይችሉም፤ ይህን ቆቦ ሁሉ ያውቃል። ያን ቀን «ከዚያስ?» ብቻ አሉ።

«ከዚያማ ማሽላው ያምራል» አለችና አለቀሰች። ጋሼ ራሷን ይዘው ደረታቸው ላይ አስጠጓት። እስክትጨርስ ጠበቋትና ወደ እኔ ዞረው «ሰውዬው ተሳስቷል፤ ክፈቺውና አስተካክዪው» አሉኝ። መልሷን ዝርዝሩ ላይ ጨመርኩ፣ ሙሉ ነጥብ። ተመልሳ ስትቀመጥ ቀዩ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃት። በነጠላዋ ፊቷን ጠረገችና ከአንደኛው ጥያቄ ጀመረች።

በዚያና በቀሩት ፈተናዎች የጻፈችው በኋላ ለማለፍ በቃት፤ አጎቷም የደላላውን ነገር ተወው። ያን ሰዓት ግን ይህን ማናችንም አናውቅም። ሌሎቹ ልጆች ጨርሰው ወጡ። እሷ ገና ግማሹ ላይ ናት። ርዕሰ መምህሩ መጥቶ በሩን ከፈተ፤ እሱም በልጅነቱ የጋሼ ተማሪ ነበር።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ እኮ አልቋል» አለ።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው መግቢያውን በሰውነታቸው ዘጉት።

«ቀስ በል ልጄ» አሉት፤ «እየጻፈች ነው።»